የቀኝ ዓይን የእናት፣ የግራ ዓይን የአክስት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እኩሌታ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ፊት ለፊት «ጌታው» ነው። ሥራው የተጣላ ጎረቤት ማስታረቅ ነው። ጣሪያው አፈሰሰብኝ፣ ውሻው ጮኸብኝ፣ አጥሩን ገፋብኝ የሚል ሁሉ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት እሱ ቢሮ ይገባል። ለባለጉዳይ የተቀመጡት ሁለት ወንበሮች ቁመታቸው ይበላለጣል ብሎ የረጅሙን እግር በመጋዝ አስቆርጧል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሩ ይንገዳገዳል፤ ግን እኩል ነው።

እሱ ዘንድ ገብቶ ተሸንፎ የወጣ ሰው የለም። አሸንፎ የወጣም የለም። አንድ ጊዜ በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች በደረጃ መብራት ዓይንና ናጫ ሆነው መጡበት። አንደኛው ሌሊቱን ሙሉ ይብራ ይላል፣ ሌላኛው ይጥፋ ይላል። አንድ ማታ እንዲበራ፣ አንድ ማታ እንዲጠፋ አስማማቸው፤ ተጨባብጠው ወጡ። ይብራ ባዩ ሰውዬ መብራቱ በጠፋበት ማታ ከደረጃው ተንከባሎ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እኩሌታ ሲሰማ አዘነ። ቢሆንም ሰውዬው የወደቀው በስምምነት ነው።

ጉድ የፈላው ነገር ወደ ገዛ ቤቱ የገባ ዕለት ነው።

ልጁ ኩኩ ሩቁን አታይም። ቅርቡንማ የጉንዳን ቅንድብ ትቆጥራለች፤ የክፍሏን ሰሌዳ ግን የምታነበው አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ደብተር ላይ ነው። መነጽር ከተገዛላት ወዲህ መስተዋቱ በተቀየረ ቁጥር እየወፈረ ሄደ። በመጨረሻ ሦስት አዋቂ አንዲት ልጅ ከብቦ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ፦ አባት፣ እናትና አክስት።

እናትየው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። የሰው ልጅ ችግር ሁሉ በጠርሙስ ልክ ተሠርቷል ብላ ታምናለች፤ ጠርሙሱን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው የሚቀረው። አክስትየዋ እቴቴ ደግሞ የእኩሌታ ታላቅ እህት ናት፤ እናት አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ርዕሰ መምህርነቷን በጡረታ ብትለቅም ርዕሰ መምህርነቱ እሷን አልለቀቃትም። እዚያው ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች፤ ኩኩም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሷ ጋ ትውላለች፣ እናቷ የማታ ተረኛ ስትሆን ደግሞ እዚያው ታድራለች። እቴቴን ወደ ሐኪሟ ማንም ነይ አላላትም። ደግሞስ ማን ቅሪ ሊላት!

ሐኪሟ ቁመቷ አጭር ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷ ያጥራል። ልጅቷን መርምራ ስትጨርስ መብራቱን አበራችው።

«ዓይኗ ወደ ኋላ እየረዘመ ነው» አለች። «ልጅ ያድጋል፣ ወግ ነው፤ የእሷ ዓይን ግን ባለቤቱን ቀድሞ እያደገ ነው። የሄደው አይመለስም። የምንችለው የሚሄደውን ማዘግየት ነው። ዝም ካልነው መነጽሯ መወፈሩ ብቻ አይደለም፤ የዓይኗ ጀርባ እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳ ነገር ደግሞ በኋላ ዕድሜ ጣጣው ብዙ ነው። ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል።»

እኩሌታ ብርሃን የሚለው ቃል ላይ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ።

«ታዲያ ምን ይደረግ ዶክተር?»

ሐኪሟ ነገረቻቸው። አንደኛው በጣም የቀጠነ ጠብታ ነው፤ በየማታው ከመኝታ በፊት ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ዓይኑ እንዳይረዝም ተብሎ የተሠራ ልዩ መስተዋት ያለው መነጽር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፍንጫዋ አይወርድም። ሦስተኛው ማታ ዓይን ላይ ተደርጎ የሚተኛበትና ጠዋት የሚወልቅ ጠንካራ ሌንስ ነው። ሦስተኛው ወዲያውኑ ወደቀ። እናትና አክስት በአንድ አፍ «ልጅ ዓይኗ ላይ ክዳን ደፍታ ትተኛ?» አሉ። በትዳሩ ዘመን ሁሉ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አብረው ሲጨርሱ እኩሌታ የሰማው ያኔ ብቻ ነው።

«ከቀሩት የትኛው ይሻላል?» አለ።

«ሳታቋርጡ የምታደርጉት» አለች ሐኪሟ። «ጠብታውም ይሠራል፣ መነጽሩም ይሠራል፤ ጠርሙስ ውስጥና መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ሁለቱም አይሠሩም። የመረጣችሁትን አድርጉ። ደግሞ ልጅቷን በቀን ብርሃን ውጭ አውጧት፤ ትሩጥ፣ ማዶ ማዶውን ትይ።»

ቤት ሄደን እንመካከር ስላሏት የሁለቱንም ማዘዣ ጽፋ ሰጠቻቸው። በኋላ ስታስበው የተጸጸተችው በዚህ ነው።

ምክክሩ የተጀመረው ጫማ ሳይወልቅ ነው።

«ጠብታ!» አለች እቴቴ፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ። «የልጅ ዓይን ሰላጣ ነው እንዴ የሚረጭበት?»

«እቴቴ፣ እርስዎ ለራስ ምታት የሚውጡት ኪኒን ከዛፍ ነው የሚለቀመው?»

«እኔ ልጅ አይደለሁማ! እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሬ መነጽር አድርጌ ነው ርዕሰ መምህር የሆንኩት።»

«መነጽሩ ነው የሾመዎት?»

«መነጽር ይታያል ልጄ። አለ፣ የለም፣ ፊቷ ላይ ታይዋለሽ። ጠብታሽ ገባ አልገባ ማን ይመሰክራል? እንባ?»

«መነጽር ሲሮጡ ይወድቃል፣ ሲቀመጡበት ይሰበራል። እሷ ደግሞ የምትቀመጥበትን አይታ አታውቅም።»

ኩኩ ከጠረጴዛው ሥር ሆና የጫማዋን ክር በአፍንጫዋ ልክ እያየች ትፈታለች። እኩሌታ ሁለት እጁን ዘረጋ። መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

ሚስቱም እህቱም ዞረው አዩት። ሁለቱም ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያውቋታል፤ ሁለቱም ይጠሏታል።

እውነቱን ለመናገር እኩሌታ ተጨንቋል። ጠብታ ቢል እህቱ «አሳድጌህ አሳድጌህ» ልትጀምር ነው፤ እሱ ደግሞ ማለቂያ የለውም። መነጽር ቢል ሚስቱ ትምህርቴን ናቅክ ብላ ልታኮርፍ ነው፤ የእሷ ኩርፊያ ድምፅ የለውም፣ ግን በየክፍሉ ይገባል። ልጅቷን ጎንበስ ብሎ አያት። ሁለት ዓይኖቿን አየ። ያን ጊዜ በራለት።

«ስንት ዓይን ነው ያላት?» አለ።

ራሱ ሁለት ጣት አውጥቶ አሳያቸው።

«ሁለት! ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት ዓይን። አንደኛው ዓይን ጠብታ ያግኝ፣ አንደኛው መስተዋት ያግኝ። በስድስተኛው ወር ሐኪሟ ትለካለች፤ ክርክራችሁን ልኬቱ ይፈታዋል። የሚጎዳ የለም።»

በዓለም ላይ ይህን ሐሳብ ሰምተው የሚቀበሉ ሁለት ሴቶች ቢኖሩ እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሌላዋ ዓይን ሲበላሽ ለማየት ጓጉተዋል። የቀረው ክርክር የቀኙ የማን ይሁን የሚል ነበር። እቴቴ «ሰው የሚያነጣጥረው በቀኙ ነው» ብላ ቀኙን ጠየቀች። እናትየው «የወለድኩ እኔ፣ ግራውን ልወስድ?» አለች። እኩሌታ ቀኙን ለሚስቱ ሰጠ፤ ለእህቱ ደግሞ ግራው ይበልጥ የደከመ ስለሆነ ለመሻሻልም ሰፊ ቦታ እንዳለው አስረዳት። እቴቴ የተሻለውን እንዳገኘች ሰው ሆና ተነሣች።

መነጽር ቤት የሚሠራው ሰውዬ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አስደገማቸው።

«በአንድ ፍሬም ላይ፣ ግራው ልዩ መስተዋት፣ ቀኙ ተራ?»

«አዎ» አለ እኩሌታ።

«ልጅቷ ናት ወይስ እናንተ ናችሁ የማትስማሙት?»

«ተስማምተናል እኮ!» አለ እኩሌታ በኩራት።

ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ሠራላቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም ሆነ፤ እንደ ስታዲየም ሰላም። እናትየው ከሥራ ስትገባ ልጇን ሳትስም «ቀኜ እንዴት ዋለች?» ትላለች። እቴቴ ከላይ ወርዳ «ግራዬን ልያት እስቲ» ትላለች። ኩኩን መሐል ላይ ማንም አላስታወሳትም። በየሰንበቱ በረንዳ ላይ ፈተና አለ። ልጅቷ አንድ ዓይኗን በማንኪያ ሸፍና ማዶ ካለው ሱቅ ማስታወቂያ ታነባለች። እናቷ ስትፈትናት ቀኟ ይጎብዛል። አክስቷ ስትፈትናት ግራዋ ንስር ይሆናል። እናቷ ከረሜላ ትሰጣታለች፣ አክስቷ ብስኩት ትሰጣታለች፣ ማስታወቂያው ላይ ምን እንደተጻፈ ግን ጠጋ ብሎ ያጣራ የለም። እኩሌታ ከበሩ ሥር ቆሞ ሲያያት ደስ ይለው ነበር። ሙያው ተተኪ አገኘ።

ሐኪሟ በቀን ብርሃን ውጭ አውጧት ያለችውስ? እሱ ላይ ሁለቱም ወገኖች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል። ስለዚህም ማንም አላደረገውም። የሚከራከሩበትን ነገር ሰው ይጠብቃል፤ የተስማሙበትን ማን ዞሮ ያየዋል?

አንድ ቀን እኩሌታ ምሳ ሊበላ ቤት መጣና ማንኪያ ፍለጋ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ቢስብ የልጁን መነጽር ሹካዎቹ መሐል ተኝቶ አገኘው። ሚስቱና ልጁ ሳሎን ናቸው፤ ልጅቷ መጽሐፍ ላይ ተደፍታለች። መነጽሩን አየው። ሚስቱን ቢጠይቅ ለእህቱ ማድላት ነው። ማንኪያውን አውጥቶ መሳቢያውን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሌላ ቀን እህቱ ቤት የልጅቷን ቦርሳ ሊያመጣ ወጣ። ለማደሪያዋ የተላከው የጠብታ ጠርሙስ ከመስኮቱ ዳር ማሸጊያው ሳይፈታ ቆሟል፤ አቧራ ጠጥቷል። እህቱን ቢጠይቅ ለሚስቱ ማድላት ነው። ቦርሳውን ይዞ ወረደ። በመንገዱ ላይ ለራሱ እንዲህ አለ፦ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፤ ተቻችሏል።

ስድስተኛው ወር ደረሰ። ሦስቱ አዋቂ ልጅቷን ከብበው ተመለሱ። እናትና አክስት በግራና በቀኝ ተቀምጠው፣ እንደ ዕጣ ጠባቂ የሐኪሟን አፍ ያያሉ። ሐኪሟ ለካች። ደግማ ለካች።

«ሁለቱም ብሷል» አለች። «ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም እኩል ነው የሄደው።»

ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን የሆነው ሆኗል። እኩል የሚለውን ቃል ሲሰማ የእኩሌታ ደረት መጀመሪያ የተሰማው ዕረፍት ነው። ማንም አላሸነፈም! ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ «ብሷል» የሚለው ቃል ዘግይቶ ደረሰና እዚያው ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ መነጽሩን ከልጅቷ ፊት አንሥታ ወደ መብራቱ አዞረችው።

«ምንድን ነው ይኼ? ግራው ሌላ፣ ቀኙ ሌላ?»

እኩሌታ አስረዳ። በሚያምር ቋንቋ ነው ያስረዳው፤ የጋራ ጥቅም፣ ሚዛናዊነት፣ የሁለቱ ወገኖች ስሜት። ሐኪሟ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን ሳትሰብር ሰማችው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች። «እርስዎ ደግሞ በሰው እግር ነው የወጡት። የልጅ እግር! ለመሆኑ ይኼስ ቢሆን በየቀኑ ተደርጓል?»

«ያለ ማቋረጥ!» አለች እናት።

«አንድ ቀን ሳይታለፍ!» አለች አክስት።

ሐኪሟ ወደ ኩኩ ዞረች። «ማታ ማታ ጠብታ ይገባልሻል የኔ ልጅ?»

«እማዬ ጋ ሳድር ይገባል» አለች ኩኩ። «እቴቴ ጋ አይገባም። እቴቴ ዓይንሽን ጨፍኚና ገባ በይ ብላኛለች።»

«መነጽሩንስ?»

«እቴቴ ጋ አላወልቅም። እማዬ ጋ ግን ዓይንሽ ይረፍ ትለኛለች።»

ኩኩ ይህን ስትል ክስ አላሰበችም። የየቤቱን ሕግ ጠይቀዋት ነው፤ የየቤቱን ሕግ ነገረቻቸው።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች እናትየው ብድግ ብላ። «ቀኜን አበላሹብኝ! ዓይንዎን በጨው ታጥበው ነው አንድ ቀን ሳይታለፍ የሚሉት?»

«አንቺስ? ግራዬን መሳቢያ ውስጥ የቀበርሽ!»

«ማን ነገረዎት መሳቢያ?»

«አየሽ! አላልኩም? መሳቢያ ነበር ማለት ነው!»

«ቀኜ፣ ግራዬ!» አለች ሐኪሟ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ። «ለልጅቷ አንድ ዓይን እንኳን አልተረፈላትም?» ከዚያ ወደ እኩሌታ ዞረች። «እርስዎ አላወቁም ነበር?»

እኩሌታ አፉን ከፈተ። ሹካዎቹ መሐል የተኛውን መነጽር አየ፤ አቧራ የጠጣውን ጠርሙስ አየ።

«አውቅ ነበር» አለ።

ሁለቱ ሴቶች ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊት አዩት።

«እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ አንዱን ምረጡ» አለች ሐኪሟ። «የሄደው ስድስት ወር ተመልሶ አይመጣም። ሌላ ስድስት ወር ደግሞ የላትም።»

እኩሌታ ማስላት ጀመረ። ሚስቱ ብትሸነፍ ኩርፊያው እስከ ክረምት ይዘልቃል። እህቱ ብትሸነፍ «አሳድጌህ»ው እስከ መቃብር ይዘልቃል። እህቱን ጠብታ አስመርጦ ለሚስቱ ደግሞ...

«ጌታዬ» አለች ሐኪሟ፣ ስሌቱ ፊቱ ላይ ተጽፎ ያነበበች ይመስል፤ «የትኛዋ ትሸነፍ አላልኩም። የቱን ታደርጉታላችሁ ነው ያልኩት።»

በዚህ መሐል ኩኩ ከወንበሯ ወርዳለች። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የባሕር ዳርቻ ነው፣ መርከብ አለበት፣ ከበሩ ላይ ሆኖ የሚታይ ነው። መነጽሯ ሐኪሟ እጅ ላይ ስለሆነ ልጅቷ ወደ ሥዕሉ ሄደች፤ ሄደች፤ ግንባሯ የሥዕሉን መስተዋት እስኪነካ ድረስ ሄደች። ከዚያ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ በአፍንጫዋ እየተጓዘች በቁራጭ በቁራጭ አየችው።

«መርከብ ነው ለካ» አለች ለራሷ።

እኩሌታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መነጽር» አለ። «ሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት። ከጠዋት እስከ ማታ። ጠብታው ገባ አልገባ ቃላችሁን አምኜ ነው የማድረው፤ ቃላችሁን ደግሞ አሁን ሰማሁት። መነጽሩ ፊቷ ላይ ከሌለ እኔም አየዋለሁ፣ መንገደኛም ያየዋል። ውጭ የማወጣት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ፣ ከሥራ ቀደም ብዬ እየወጣሁ።»

«እንዴ!» አለች ሚስቱ። «ታዲያ እቴቴ አሸነፉ ማለት ነው?»

ሁሉም ጠበቁት። በሥራው ዓለም ለዚህ ጥያቄ አሥራ ምናምን ዓይነት መልስ አለው፤ ሁሉም ያማሩ ናቸው፣ አንዳቸውም አዎም አይደለምም አይሉም።

«አዎ» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ጥርስ ነቀላ ነበር የተሰማው። ሚስቱ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እቴቴ ግን እሱ ከፈራው በላይ ሆነች። አልፎከረችም፤ ደግ ሆነች። አሸናፊ ሰው ደግ ሲሆን ነው የማይቻለው። አዲሱ መነጽር ከመጣ ጀምሮ በየጠዋቱ ወርዳ የልጅቷን ግንባር ትስምና የእናትየውን ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ሰው ይማራል» እያለች።

ሚስቱ ለእሱ መናገር አቆመች። መልእክት የምትልከው በኩኩ በኩል ነው፤ «አባትሽን ጨው አቀብል በይው።» እኩሌታ ጨው ያቀብላል። ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ ሜዳ ይወጣል፤ እሷ ትሮጣለች፣ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መሥሪያ ቤት ትቶት የመጣውን ክምር ሥራ ያስባል። አለቃው ሁለት ጊዜ ጠርቶታል። የዓይኗ መርዘም ይዘግይ አይዘግይ ገና አይታወቅም፤ ቀጠሮው ሩቅ ነው።

አንድ ጠዋት እቴቴ ገና አልወረደችም። እኩሌታ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ፊቱን ሳሙና ቀብቷል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ኩኩ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ውጭው በር ስትበርር አየ፤ ፊቷ ባዶ ነው። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። እናቷ ብቻዋን ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ መነጽሩን ታያለች። እኩሌታ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ልውጣ፣ አልውጣ አለ።

እናትየው መነጽሩን አነሣችው። ሁለቱም መስተዋት ላይ እፍ አለች፤ በቀሚሷ ጫፍ አሸችው፤ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፤ እድፍ አገኘችበትና እንደገና አሸችው።

«ነይ አንቺ ዕውር!» አለች። ልጅቷን ክንዷን ይዛ ጎተተችና መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ ገፍታ ሰካችው።

«እማዬ፣ አፍንጫዬን!»

«አፍንጫሽ ምን አለበት? ዓይንሽ ነው ያስቸገረኝ። ትምህርት ቤት ብታወልቂው አስተማሪሽን እጠይቃታለሁ። ሜዳም ላይ ብታወልቂው...» ድምፅዋን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ከፍ አደረገችው፤ «አባትሽ ሳሙናውን ታጥቦ ሲወጣ ንገሪው፤ እኔ በዚህ መነጽር አላምንም። ያን ቀንም አላመንኩም፣ ዛሬም አላምንም። ከፊቷ ላይ ቢወርድ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው በይው።»

ኩኩ ገርበብ ወዳለው በር መጣች፤ በአዲሱ መነጽር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባዬ፣ ሰማህ ወይስ ልንገርህ?»

«ሰማሁ» አለ እኩሌታ፤ ሳሙናው ግማሽ ፊቱ ላይ እየደረቀ ነበር።